የጦር መርከብን በአምሳያ ስለ መሥራት

ሰው የሠራውን ታላቅ ነገር መልሶ በትንሹ የመሥራት ፍቅር ከጥንት ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። በግብጽ አገር ከአራት ሺሕ ዓመታት ገደማ በፊት ይኖር የነበረው መኬትሬ የተባለው ባለሥልጣን በተቀበረበት ስፍራ በ1920 ዓ.ም. ቁፋሮ በተደረገ ጊዜ፣ ቀዛፊዎቻቸው በየተራቸው የተቀመጡባቸው ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎች ተገኝተዋል። ጀልባዎቹ ሟቹን በወዲያኛው ዓለም እንዲያገለግሉት ታስበው የተሠሩ ናቸውና፣ ሠሪው ለጀልባው እንደ ተጠነቀቀ ሁሉ ለቀዛፊዎቹም ተጠንቅቋል፤ ቀዛፊ የሌለው ጀልባ የትም አያደርስምና። በእኛ ዘመን የጦር መርከብ አምሳያ የሚሠሩ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ለብረቱ ነው። የመድፉ ርዝመት፣ የጢስ ማውጫው ቁመት፣ የቀለሙ ዓይነት ሲያከራክራቸው ይውላል፤ በመርከቢቱ ላይ የነበረው ሰው ግን ስሙ ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ጉድለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። አምሳያ የምንለው መርከቢቱን ብቻ በልክ አሳንሶ የሚያሳየውን ሥራ ነው። ዲዮራማ የሚባለው ግን መርከቢቱን ከባሕሩ፣ ከሰማዩ፣ ከወደቡና ከመርከበኞቹ ጋራ አድርጎ፣ በአንዲት በታወቀች ሰዓት ላይ አቁሞ የሚያሳየው ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ትርጓሜው አሳልፎ ማየት እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም መጀመሪያ የተጠራው ሉዊ ዳጌር ከባልደረባው ጋራ በ1822 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የከፈተው ትርኢት ነበር። ታላላቆቹ ሥዕሎች ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ላይ የተሣሉ በመሆናቸው፣ ብርሃኑ ከፊትና ከኋላ በተለዋወጠ ቍጥር ተመልካቹ በተቀመጠበት ሆኖ ቀኑ ሲመሽ፣ ሰማዩ ሲደምንና ሲጠራ ያይ ነበር። እንግዲህ ዲዮራማ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዋና ጉዳዩ ሰዓት ነው። አምሳያ «ይህች መርከብ ምን ትመስል ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ዲዮራማ ደግሞ «በዚያች ሰዓት በእርሷ ላይ ምን ሆነ?» ለሚለው ይመልሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፤ ሠሪውን በልክ ብቻ ሳይሆን በፍርድም ተጠያቂ ያደርገዋልና።

የሥራውን ድካም አቃልለን እንዳንመለከት ስለ አሠራሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ በፋብሪካ ተቈራርጦ በሣጥን የሚሸጥ የመርከብ አምሳያ ሞልቷል፤ ገዢው ቍርጥራጩን በማጣበቂያ አገጣጥሞ ቀለም ይቀባዋል። ከባዶ የሚጀምር ሠሪ ግን ይህ ሁሉ የለውም። አስቀድሞ የመርከቢቱን ንድፍና ፎቶግራፍ ይሰበስባል። ቀጥሎ መርከቢቱ እንደ ዳቦ በየቦታው ብትቈረጥ ቍራጮቹ ሊኖራቸው የሚችለውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ይነድፋል። ይህንኑ ቅርጽ ከእንጨት እየቈረጠ፣ እንደ ዓሣ አጥንት በአንድ ረዥም አከርካሪ ላይ ይደረድረዋል። በአጥንቶቹ ላይ ቀጫጭን ጣውላ ያለብሳል፣ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ በላዩም የብረቱን ልብስ ለማስመሰል ስስ ንጣፍ ይለጥፋል። መድፎቹን ከነሐስ በቶርኖ ያወጣል፤ መከታዎቹን ከሽቦ፣ ገመዶቹን ከክር ይሠራል። አንድ ትልቅ ሥራ በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው ትዕግሥቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ ትዕግሥት ለሥራው መግቢያ በር ናት እንጂ ፍጻሜው አይደለችም።

መጠንም የራሱ ሕግ አለው። ርዝመቷ ወደ አንድ አሥረኛ የወረደ መርከብ የገጽታዋ ስፋት ወደ አንድ መቶኛ፣ ይዘቷና ክብደቷ ወደ አንድ ሺሕኛ ይወርዳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የነበረ መርከበኛ በዚህ ልክ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ሳንቲ ሜትር የነበረው የምስማር ራስ በአንድ አሥረኛ ልክ ሁለት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ በአንድ መቶኛ ልክ ግን ዐይን በጭንቅ የሚለየው ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ሠሪ የሚታወቀው ባካተተው ብቻ ሳይሆን በተወው ጭምር ነው። በአንዲት ትንሽ አምሳያ ላይ ምስማሮቹን ሁሉ ለመትከል የተነሣ ሰው፣ መርከቢቱን በኩፍኝ የተያዘች አስመስሎ ይለቃታል።

ከሁሉም አስቸጋሪው ውኃ ነው፤ ውኃ ከመርከቢቱ ጋራ አብሮ አያንስምና። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ በ1872 ዓ.ም. በቶርኪ በተሠራው የመሞከሪያ ገንዳ የመርከብ አምሳያዎችን እየጐተተ ይህን ነገር መርምሯል። የደረሰበትም ሕግ የአምሳያው ፍጥነት ከእውነተኛዋ መርከብ ፍጥነት ጋራ የሚመሳሰለው በርዝመታቸው ልክ ሳይሆን በርዝመታቸው ስኴር ሩት ልክ መሆኑን የሚያስረዳ ነው። በአንድ አሥረኛ ልክ የተሠራች መርከብ የምታስነሣው ማዕበል እንቅስቃሴው ከእውነተኛው ከሦስት ጊዜ በላይ ይፈጥናል። በሲኒማ የምትታይ ትንሽ መርከብ ብዙ ጊዜ እንደ ልጆች መጫወቻ የምትንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው፤ ባለሙያዎቹም በፈጣን ካሜራ እያነሡ ማዕበሉን ያዘገዩታል። በዲዮራማ ውስጥ ግን ባሕሩ በጄሶ ወይም በሚደርቅ ሙጫ መሰል ነገር ተሠርቶ የቆመ ስለ ሆነ፣ ሠሪው ፍጥነቱን በቅርጹ ብቻ መናገር ይኖርበታል። በመርከቢቱ አፍንጫ ላይ የሚሰነጠቀው አረፋ፣ ከኋላዋ የሚቀረው መንገድ፣ የባንዲራው አቅጣጫና የጢሱ ዝንባሌ አንድ ቃል መናገር አለባቸው። ባንዲራው ወደ ኋላ ሲውለበለብ ጢሱ ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ፣ የተቀረው ምንም ያህል ቢያምር ሥራው ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ስለ ልክ የተነገረ ነው። ሰዓትን ስለ መምረጥ ግን ከባሕር ይልቅ የየብስ ጦርነት አምሳያ የቆየ ትምህርት ይሰጠናል። እንግሊዛዊው የጦር መኰንን ዊሊያም ሳይቦርን በ1830 ዓ.ም. ሰኔ 18 ቀን 1815 የተደረገውን የዋተርሉን ጦርነት በአምሳያ እንዲሠራ ታዘዘ። እርሱም ወደ ስፍራው ሄዶ፣ ላ ኤ ሴንት በተባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ቀጥሎም በሕይወት ለነበሩት መኰንኖች ደብዳቤ እየጻፈ፣ ክፍላቸው በዚያን ቀን በተለይም ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ የት እንደ ቆመ፣ ከፊቱም ማን እንደ ነበረ ጠየቀ። የመንግሥቱ ገንዘብ በ1833 ዓ.ም. ሲቋረጥበት በራሱ ዕዳ ሥራውን ቀጠለ፤ አምሳያውም በ1838 ዓ.ም. በሎንዶን ለሕዝብ ታየ።

ነገር ግን ሳይቦርን በመረጣት ሰዓት የፕሩስያ ጦር በጦር ሜዳው ላይ በብዛት ደርሶ የሚታይ በመሆኑ፣ የድሉ ክብር ለእንግሊዞችና ለአዛዣቸው ለዌሊንግተን ብቻ እንዳይሆን ያደርግ ነበር። ይህም ባለሥልጣኖችን አላስደሰተም። በመጨረሻ ሳይቦርን ከፕሩስያ ወታደሮች ምስሎች ብዙዎቹን ከሜዳው ላይ አነሣ። ምስሎቹ ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተሠሩ፣ ቁመታቸውም እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ሆኖም የሁለት መንግሥታት ክብር በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና በቀላሉ አልታለፉም። ከዚህ የምንማረው በዲዮራማ ላይ የሚቆም እያንዳንዱ ምስል ስለ ታሪክ የተሰጠ ፍርድ መሆኑን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው፣ መኰንኖቹ የላኩለት ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቈይተው ልጁ በ1891 ዓ.ም. ከመካከላቸው ብዙዎቹን በመጽሐፍ አሳተማቸው። አምሳያው ሲነካ ደብዳቤዎቹ ቀርተዋል፤ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል።

የመንግሥት ፍላጎት ከሠሪው እጅ ጋራ ከመጀመሪያው ሲስማማ የሚሆነውን ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ በጃፓን አገር የተሠራ አንድ ሥራ ያሳየናል። በታኅሣሥ ወር 1941 ዓ.ም. የጃፓን አውሮፕላኖች በሐዋይ የሚገኘውን የፐርል ሐርበርን ወደብ መቱ። የዚህ አደጋ አንደኛ ዓመት ሲከበር ለሕዝብ እንዲታይ በባሕር ኃይሉ ድጋፍ አንድ ፊልም ተሠራ፤ ስሙም «የሐዋይና የማሌይ የባሕር ጦርነት» ነበር። አዘጋጁ ካጂሮ ያማሞቶ ሲሆን፣ ወደቡንና መርከቦቹን በአምሳያ የሠራው ኤይጂ ቱሱቡራያ ነው። የጦር ምስጢር በጥብቅ ይጠበቅ ስለ ነበር፣ ሠራተኞቹ በቂ ንድፍ ሳያገኙ በጋዜጣ ከታተሙ ፎቶግራፎች ተነሥተው ልኩን እየገመቱ ወደቡን በሙሉ አቆሙት። ውኃው፣ ጢሱ፣ የቶርፔዶው ዱካ፣ የመርከቦቹ መዘንበል ሁሉ በዘመኑ ከነበረው ሥራ የላቀ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ምስሎቹን እውነተኛ የጦር ሜዳ ፊልም ናቸው ብለው የተቀበሉ ነበሩ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራል።

ስለ ጥበቡ ይህን ያህል ከተመሰገነ፣ ስለ ሰዓቱ ደግሞ መጠየቅ ይገባል። ፊልሙ ወደቡን የሚያየው በአብራሪው ዐይን ከላይ ወደ ታች ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው መርከብ ዒላማ ናት። በዚያን ቀን ከአሜሪካውያን ወገን 2,403 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም 1,177ቱ አሪዞና በተባለችው በአንዲት መርከብ ላይ የነበሩ ናቸው። በቱሱቡራያ ገንዳ ውስጥ ግን መርከብ ይሰምጣል እንጂ ሰው አይሰምጥም። አብራሪዎቹም ያስከተሉት ነገር በአገራቸው ላይ ምን ይዞ እንደሚመለስ የሚያሳይ ሰዓት በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና። ሆኖም ለዚህ ባለሙያ የሚገባውን ፍርድ ስንሰጥ የኋላ ሥራውንም ማየት ይገባናል። ቱሱቡራያ በጦርነቱ ጊዜ በሠራቸው ፊልሞች ምክንያት በ1948 ዓ.ም. ከኩባንያው እንዲወጣ ተደረገ። በ1954 ዓ.ም. «ጎጂራ» በተባለው ፊልም ተመልሶ ሲመጣ ግን የሠራት ከተማ ስትቃጠል የምትታየው በአብዛኛው ከታች ነው፤ ቍስለኞቹ በሐኪም ቤት ወለል ላይ ተዘርግተው፣ ልጆች በእናቶቻቸው አጠገብ ሲያለቅሱ ይታያሉ። እጁ ያው የቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው የቆመበት ስፍራና የመረጠው ሰዓት ነው።

ከዚህ በኋላ በዘመናችን ከተሠሩት የጦር መርከብ አምሳያዎች መካከል እጅግ ስመ ጥር ወደ ሆነው እንመጣለን። ይኸውም በጃፓን አገር በኩሬ ከተማ በ1937 ዓ.ም. ሥራዋ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ለባሕር ኃይሉ የተሰጠችው የያማቶ አምሳያ ነው። እውነተኛዋ ያማቶ ርዝመቷ 263 ሜትር፣ ክብደቷም በሙሉ ጭነት ከ70,000 ቶን በላይ ነበር። አፋቸው 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ መድፎች ተተክለውባት ነበር፤ ከእነርሱ የሚበልጥ መድፍ የተሸከመች የጦር መርከብ ከዚያ በኋላ አልተሠራችም። በሚያዝያ 7 ቀን 1945 ዓ.ም. ወደ ኦኪናዋ ስትጓዝ፣ ከላይ የሚጠብቃት አውሮፕላን ሳይኖራት፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በቦምብና በቶርፔዶ ደብድበው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ አሰመጧት። ከ3,300 በላይ ከነበሩት መርከበኞቿ በሕይወት የተረፉት ከ300 ያንሳሉ።

አምሳያው የሚገኘው በ2005 ዓ.ም. በኩሬ በተከፈተው የባሕር ታሪክ ቤተ መዘክር ነው። የተሠራው በአንድ አሥረኛ ልክ ስለ ሆነ ርዝመቱ 26.3 ሜትር ይደርሳል። ሠሪዎቹ የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። መርከቢቱ በምስጢር የተሠራች ከመሆኗ በላይ፣ ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ብዙ ሰነዶች እንዲቃጠሉ ተደርገዋል። ስለዚህ ከተረፉት ንድፎችና ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም በ1985 ዓ.ም. ተለይቶ በታወቀውና በ1999 ዓ.ም. በድጋሚ በተመረመረው ስብርባሪ ላይ በመመርኰዝ ቅርጹን መልሰው ማግኘት ነበረባቸው። ከተማውም በ2016 ዓ.ም. ስብርባሪውን እንደ ገና አስመርምሯል። በልክ ረገድ ከዚህ የበለጠ ትጋት ለመጠየቅ አይቻልም። ተመልካቹ ከታች ቆሞ ቀና ሲል ቀይ የተቀባውን ሆዷን፣ ፕሮፔለሮቿንና መሪዋን ያያል፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ደግሞ ከእንጨት የተነጠፈውን ጀርባዋንና የመድፎቿን አሰላለፍ ይመለከታል።

ነገር ግን ይህች መርከብ በየትኛው ሰዓት ላይ ቆማለች? ውኃ የለም፤ ነፋስ የለም፤ ቍስልም የለም። ለዘላለም ከመርከብ መሥሪያው ገና እንደ ወጣች ሆና የምትኖር ናት። ከሦስት ሺሕ የሚበልጠው ሕዝብ በላይዋ የለም። ያ ሕዝብ በዚያው ልክ ቢሠራ ኖሮ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ስንዝር ያህል ቁመት ይኖረው ነበርና፣ መርከቢቱ በገበያ ቀን እንደሚታይ አደባባይ ጢም ብላ ትታይ ነበር። ተመልካቹም የመድፉን ትልቅነት ከማድነቁ በፊት የሰዉን ብዛት ባየ ነበር። አሁን ግን ልጅ ይዞ የሚመጣ አባት በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ርዝመቷ፣ ስለ መድፎቿና ስለ ውበቷ ይሆናል። ልክ በጣም ሲጠበቅ ውበትን ይወልዳል፤ ውበትም በበኩሉ ለጦርነት ጥብቅና ሊቆም ይችላል። በቅኔ ቋንቋ ለመናገር፣ ሰሙ እንዲህ ባማረ ቍጥር ወርቁን የሚፈልግ እየጠፋ ይሄዳል።

ቤተ መዘክሩን ሳይበድሉ ለመፍረድ ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በአቅራቢያው ባሉት ክፍሎች የመርከበኞቹ ፎቶግራፎች፣ ለቤተ ሰቦቻቸው የጻፏቸው የስንብት ደብዳቤዎችና የተረፉት ሰዎች ቃል ቀርበዋል። ሰው ተቀምጦባት ከጠላት መርከብ ጋራ እንድትጋጭ የተሠራች ካይተን የተባለች ቶርፔዶም እዚያው ትታያለች። ስለዚህ ሰዓቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከአምሳያው ተለይቶ በጐን ክፍሎች ተቀምጧል። ጉድለቱ መለያየታቸው ነው። ዐይን በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ጠግቦ ከወጣ በኋላ በመስታወት ውስጥ ያለች የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ብዙ ትዕግሥት አይቀረውም።

በዚያው በ2005 ዓ.ም. ስለ ያማቶ መርከበኞች ለተሠራው ፊልም በኦኖሚቺ በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ 190 ሜትር የሚሆነው የመርከቢቱ ክፍል በሙሉ ልኩ ተሠርቶ ነበር። ፊልሙ ካለቀ በኋላም ለጥቂት ወራት ሕዝብ እንዲያየው ተደርጎ በ2006 ዓ.ም. ተዘጋ። ይህ ሥራ ከኩሬው አምሳያ ጋራ ሲመዛዘን በልክ ያነሰ ነበር፤ የጐደለውም ብዙ ነው። ሆኖም በላዩ ላይ የሚሮጡ፣ የሚወድቁና ስም የሚጠሩ ሰዎች ስለ ነበሩበት ሰዓት ነበረው። ሁለቱን ያየ ሰው ታላቅነት ከሜትር ብዛት እንደማይመጣ ይረዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። «ሙታንን በትንንሽ ምስል ሠርቶ ማሳየት እነርሱን መጫወቻ ማድረግ ነው፤ ሰዎቹን መተው ለክብራቸው ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ሊናቅ አይገባውም። በቀይ ቀለም የተለቀለቁ ትንንሽ ምስሎችን በየቦታው የሚበትን ሠሪ፣ ሰዎቹን ፈጽሞ ከተወው ሠሪ የባሰ በደል ይሠራል። ነገር ግን ማክበርና መርሳት ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ዝምታው ታስቦበት የተደረገ መሆኑ ነው። በፐርል ሐርበር በሰመጠችው በአሪዞና ላይ በ1962 ዓ.ም. የተመረቀው መታሰቢያ የአንድም ሰው ምስል አያሳይም። እውነተኛዋ መርከብ በውኃው ውስጥ ትታያለች፤ በላይዋ በተሠራው ቤት ግድግዳ ላይ ግን የሞቱት ሰዎች ስም በየተራ ተጽፏል። እዚያ ዝምታው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከዲዮራማ ሠሪ የሚጠየቀው የግድ ሬሳ እንዲያሳይ አይደለም። አንዲት ከኋላ የቀረች ጀልባ፣ ለምግብ የተዘረጋ ገበታ፣ ወይም ከመከታው ተደግፎ ወደ ወደቡ የሚመለከት አንድ ብቸኛ መርከበኛ፣ በትክክለኛው ሰዓት ላይ ከቆመ ብዙ ሊናገር ይችላል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራች ናት። የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ወደ ውኃ ወርዳ በ1944 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረች። በፊሊፒን ባሕር በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ትረዳ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከተሰጠች በኋላ ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል የሆነው ይህች መርከብ የብዙ ዕጩ መኰንኖች ትምህርት ቤት ሆነች። በ1991 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 ዓ.ም. ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ሊያያት የሚችለው በፎቶግራፍ ወይም በአምሳያ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ወይም አንድ ትምህርት ቤት ይህችን መርከብ በሃምሳኛ ልክ ለመሥራት ቢነሣ፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ሥራ ይሆናል፤ እንጨቱና ነሐሱም አይቸግርም። የሚቸግረው ሰዓቱን መምረጥ ነው። በ1944 ዓ.ም. አውሮፕላኖቿን ከብባ ትቁም? በ1960ዎቹ ዓመታት ባንዲራዋን ሰቅላ፣ ዕጩ መኰንኖቿ ነጭ ልብስ ለብሰው ተሰልፈው በምጽዋ ወደብ ትታይ? ወይስ በ1991 ዓ.ም. የማትመለስበትን ጉዞ ስትጀምር? የመጀመሪያው ሰዓት የሌላ ሕዝብ ነው። ሁለተኛው እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ከታየ በዚያ ባሕር ዳርቻ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጦርነትና የሁለት ሕዝቦችን መለያየት ይሸፍናል። ሦስተኛው መራራ ነው። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ለሠሪው የተፈቀደለት ነው፤ መርጦ እንዳልመረጠ መምሰል ግን አይፈቀድለትም።

ምርጫውን ለማቅናት የሳይቦርን መንገድ ዛሬም ይጠቅማል። እርሱ ምስሎቹን ከማቆሙ በፊት የጠየቀው በዚያ የነበሩትን ሰዎች ነው። በ«ኢትዮጵያ» ላይ ያገለገሉ መርከበኞች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በልዩ ልዩ አገሮችም ተበትነው ይኖራሉ። የት ይቆሙ እንደ ነበር፣ ምን ይሰሙ እንደ ነበር፣ በየትኛው ሰዓት መርከባቸውን ለመጨረሻ ጊዜ እንዳዩ ሊናገሩ የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው። ብረቱ አንድ ጊዜ ቀልጧል፤ ንድፉ ግን በመዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል። የሰው ቃል ያልተጻፈ እንደ ሆነ በምንም መዝገብ አይገኝም። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይህን የመሰለ ሥራ ሲሰጡ ቅደም ተከተሉን ቢያስተካክሉ መልካም ነው፤ ደብዳቤው ይቅደም፣ መጋዙ ይከተል። በዚህ ሥርዓት የተሠራ አምሳያ በልኩ ጥቂት ቢሳሳት እንኳ ሊታረም ይችላል፤ የምስክሮቹ ቃል ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊሰበሰብ አይችልም።